ከእስክንድርያ እስከ ፈተና አዳራሽ፤ ቁጥርን በብቸኛ አካፋዮቹ ስለ መፍታት አጭር የታሪክ ጥናት

መግቢያ

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ምክንያት የሆነኝ አንድ የተሳሳትኩት የፈተና ጥያቄ ነው። በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ ለከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና ስንዘጋጅ ከቀረቡልን የልምምድ ጥያቄዎች አንዱ እንዲህ የሚል ነበር፤ አንድ ቁጥር ለ12ም ለ18ም ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ፣ ከሚከተሉት ቁጥሮች ለየትኛው የግድ ይካፈላል? ከምርጫዎቹ መካከል 36 እና 216 ነበሩ። እኔ 12ን በ18 አባዝቼ 216 ብዬ መለስኩ። ትክክለኛው መልስ ግን 36 ነበር። አስተማሪያችን የመልሱን ፊደል በሰሌዳ ላይ ጽፎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። ለምን 36 እንደ ሆነ እሱም አልነገረን፣ እኛም አልጠየቅነውም።

በዚያው ዓመት ክረምት ወደ አገሬ ስመለስ አንድ መሪጌታ ለደቀ መዛሙርታቸው ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩ ከዳር ተቀምጬ አዳመጥኩ። የ4 ዓመት ዑደት አለ፣ የ7 አለ፣ የ19 አለ፣ የ28 አለ፣ የ76 አለ፤ ኹሉም በአንድነት ወደ ተነሡበት የሚመለሱት በ532 ዓመት ነው ሲሉ ሰማሁ። እኔም እንደ ልማዴ አምስቱን ቁጥሮች እርስ በርሳቸው አባዝቼ ብመለከት 1,132,096 ሆነብኝ። በእኔ ስሌትና በእሳቸው ቃል መካከል የነበረው ልዩነት ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ስሕተቱም የእኔ ነበር፤ ያውም በፈተናው ላይ የሠራሁት ያው ስሕተት ነበር።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ፣ ቁጥርን ወደ ብቸኛ አካፋዮቹ የመፍታት ትምህርት ከወዴት ተነሥቶ እንዴት እዚህ እንደ ደረሰ፤ ኹለተኛ፣ ይኸው ትምህርት በአገራችን የዘመን አቆጣጠር ውስጥ እንዴት ተሰውሮ እንደሚገኝ፤ ሦስተኛ፣ ዛሬ በፈተና አዳራሽ ውስጥ ሲቀርብልን ምን እንዳገኘና ምን እንዳጣ ነው። ዓመታቱ «ዓ.ም.» ከተባለባቸው በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. የነገሩ መሠረት

ከ1 በላይ የሆነና ከራሱና ከ1 በቀር ሌላ አካፋይ የሌለው ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ይባላል። 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13 ብቸኞች ናቸው። የቀሩት ቁጥሮች ከእነዚህ በማባዛት የሚሠሩ ናቸው። ለምሳሌ 360 ሲፈታ 2×2×2×3×3×5 ይሆናል። ይህን የመሰለውን ፍች በማናቸውም መንገድ ብንጀምረው፣ 360ን በመጀመሪያ 36×10 ብንለውም 18×20 ብንለውም፣ መጨረሻው ያው ሦስት 2፣ ኹለት 3 እና አንድ 5 ነው።

ስለዚህ ነገር በሥርዐት ተጽፎ የምናገኘው ጥንታዊ ትምህርት የኤውክሊድ ነው። ኤውክሊድ በ300 ገደማ ከክርስቶስ ልደት በፊት በእስክንድርያ ያስተማረ ሊቅ ሲሆን፣ በ13 መጻሕፍት የተከፈለው ድርሰቱ በብዙ ሰው ዘንድ የሚታወቀው ስለ ጂኦሜትሪ ነው። ነገር ግን ከ7ኛው እስከ 9ኛው ያሉት መጻሕፍት ስለ ቁጥር የተጻፉ ናቸው። ኤውክሊድ አንድ ቁጥር ሌላውን «ያካፍላል» ከማለት ይልቅ «ይለካል» ይላል፤ ቁጥሩን እንደ አንድ ዘንግ ቆጥሮ ትንሹ ዘንግ ትልቁን ያለ ትርፍ ስፍር አድርጎ ሲጨርሰው ማለት ነው። በርሱ አነጋገር ብቸኛ ቁጥር ከአንድ በቀር ሌላ መለኪያ የሌለው ነው።

የኹለት ቁጥሮችን ትልቁን የጋራ መለኪያ ለማግኘት ኤውክሊድ ያስተማረው ዘዴ እጅግ ቀላል ነው፤ ትንሹን ከትልቁ እየቀነሱ እኩል እስኪሆኑ ድረስ መሄድ ነው። ከ18 ላይ 12 ሲነሣ 6 ይቀራል፤ ከ12 ላይ 6 ሲነሣ 6 ይቀራል፤ ስለዚህ የ12 እና የ18 ትልቁ የጋራ አካፋይ 6 ነው። ኹለቱም የሚለኩት ትንሹ ቁጥር ደግሞ 12×18 ለ6 ሲካፈል የሚገኘው 36 ነው። ትምህርት ቤት ሳለሁ ያጣሁት ምክንያት ይኸው ነበር። 12 እና 18 አንድ 6ን ይጋራሉ፤ በጭፍን ስናባዛ ያን የሚጋሩትን 6 ኹለት ጊዜ እንቈጥረዋለን። ርስትን ለማስላት አባትና ልጅ አብረው የያዙትን መሬት በየስማቸው ኹለት ጊዜ እንደ መመዝገብ ያለ ነው።

ከዚህም ሌላ ኤውክሊድ ብቸኛ ያልሆነ ቁጥር ኹሉ ቢያንስ አንድ ብቸኛ አካፋይ እንዳለው፣ ብቸኛ ቁጥር የኹለት ቁጥሮችን ብዜት ከለካም ከኹለቱ አንዱን የግድ እንደሚለካ አስረድቷል። የብቸኛ ቁጥሮች ብዛት ማለቂያ እንደሌለው ያሳየበትም መንገድ በየዘመኑ የተደነቀ ነው። ያሉን ብቸኛ ቁጥሮች እነዚህ ብቻ ናቸው ቢባል፣ ኹሉንም አባዝተን 1 እንጨምራለን። አዲሱ ቁጥር ከነዚያ ለማናቸውም ሲካፈል 1 ይተርፈዋል፤ ስለዚህ ወይ ራሱ ብቸኛ ነው፣ ወይም ከተቈጠሩት ውጭ የሆነ ብቸኛ አካፋይ አለው። 2×3×5×7+1 = 211 ሲሆን ይህ ራሱ ብቸኛ ነው። 2×3×5×7×11×13+1 = 30,031 ግን ብቸኛ አይደለም፤ 59×509 ነው፤ ነገር ግን 59ም 509ም በመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ አልነበሩም።

ከኤውክሊድ በኋላ በዚያው በእስክንድርያ የቤተ መጻሕፍቱ ኀላፊ የነበረው ኤራቶስቴንስ ብቸኛ ቁጥሮችን ለይቶ ለማውጣት ወንፊት የተባለውን ዘዴ እንደ ፈጠረ ይነገርለታል። ኒቆማኮስ የተባለው ጸሐፊ በ100 ገደማ በጻፈው የሒሳብ መግቢያ ላይ ዘዴው ተገልጿል። ቁጥሮቹን በተራ ጽፎ፣ ከ2 በኋላ የ2ን ብዜት፣ ከ3 በኋላ የ3ን ብዜት፣ እንዲሁም የ5ንና የ7ን እየሰረዙ መሄድ ነው። እስከ 100 ላሉት ቁጥሮች ከ7 በላይ መሄድ አያስፈልግም፤ ምክንያቱም ኹለቱም አካፋዮቹ ከ10 የሚበልጡ ቁጥር ራሱ ከ100 ይበልጣል። በወንፊቱ ላይ የሚቀሩት 25 ናቸው።

2. አምስት መቶ ሠላሳ ኹለት

አሁን ወደ መሪጌታው ቁጥር እንመለስ። የ19 ዓመት ዑደት በክርስቲያኖች የተጀመረ አይደለም። የአቴናው ሜቶን በ432 ከክርስቶስ ልደት በፊት 19 የፀሐይ ዓመታት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር የሚገጥሙ መሆናቸውን አስታውቆ ነበር። ከርሱም መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ካሊጶስ ይህን አራት ጊዜ ደግሞ የ76 ዓመት ዑደት አደረገው፤ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ የምትጨመረዋ ቀን ከጨረቃዋ ዑደት ጋር እንድትስማማ ነው። ባሕረ ሐሳብ ማኅተም ብሎ የሚጠራው የ76 ዓመት ዑደት ርዝመቱ ከዚሁ ጋር አንድ ነው።

የትንሣኤን በዓል ለማግኘት ግን የጨረቃ ዑደት ብቻ አይበቃም፤ በዓሉ በእሑድ መዋል ስላለበት የሳምንቱም ቀን መታወቅ አለበት። ዓመቱ 365 ቀን ሲሆን 52 ሳምንትና 1 ቀን ነው፤ ስለዚህ መስከረም 1 ቀን በየዓመቱ አንድ ቀን ወደ ፊት ትገፋለች፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ጊዜ ደግሞ ኹለት ቀን ትገፋለች። የ4ቱ ዓመትና የ7ቱ ቀን ተጋጥመው የሚመለሱት በ28 ዓመት ነው፤ ይህም ዐውደ ፀሐይ ይባላል።

የጥንቱ ክርስቲያኖች ትክክለኛውን ዑደት ለማግኘት ብዙ ደክመዋል። በሮም የነበረው ሂጶሊጦስ ከ222 ጀምሮ ያዘጋጀው ሰንጠረዥ በ16 ዓመት ላይ የተመሠረተና በ112 ዓመት የሚዞር ነበር፤ 112 = 2×2×2×2×7 ነው። 4ም 7ም በውስጡ ስላሉ የሳምንቱ ቀን በሚገባ ይመለሳል፤ ጨረቃዋ ግን በ16 ዓመት 3 ቀን ያህል ትዛባለች፤ ስለዚህ ሰንጠረዡ ብዙ ሳይቆይ ከሰማይ ጋር ተጣላ። ኋላም በሮም የ84 ዓመት ዑደት ተሠራበት፤ 84 = 2×2×3×7 ነው። እዚህም 28 አለ፤ ጨረቃዋ ግን በእያንዳንዱ ዙር ከአንድ ቀን በላይ ትስታለች። ኹለቱም ቁጥሮች ሲፈቱ የጐደለው ምን እንደ ሆነ ወዲያው ይታያል፤ 19 በአንዳቸውም ውስጥ የለም። በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በእስክንድርያ የነበረው መነኵሴ አንያኖስ በ532 ዓመት የሚዞረውን ሠራ። በ457 ደግሞ ቪክቶርዮስ ለምዕራባውያን የ532 ዓመት ሰንጠረዥ አዘጋጀ። በአገራችን ትውፊት ግን የባሕረ ሐሳብ ሐሳብ ደራሲ ከአንያኖስ በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ መንበር የነበረው ድሜጥሮስ ነው።

532 ሲፈታ 2×2×7×19 ነው። በውስጡ አንድም ትርፍ አካፋይ የለም፤ አንድም የጐደለ የለም። 28 ውስጥ ያለው 4 ከ76 ውስጥ ካለው 4 ጋር አንድ ስለ ሆነ አንድ ጊዜ ብቻ ተቈጥሯል። እኔ አምስቱን ቁጥሮች ሳባዛ ግን አራት ትርፍ 2፣ አንድ ትርፍ 7፣ አንድ ትርፍ 19 አስገብቼ ኖሯል፤ ሚሊዮኑ ዓመት የመጣው ከዚህ ነው። የ532 አካፋዮች በቁጥር 12 ናቸው፤ እነርሱም 1፣ 2፣ 4፣ 7፣ 14፣ 19፣ 28፣ 38፣ 76፣ 133፣ 266 እና 532 ናቸው። ሊቃውንቱ ሰባቱ አዕዋዳት የሚሏቸው የ7፣ የ30፣ የ365፣ የ19፣ የ28፣ የ76 እና የ532 ዑደቶች ሲሆኑ፣ ከእነዚህ አምስቱ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። የቀሩት ኹለቱ፣ 30 እና 365፣ የማይገኙበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ እነዚህ በወርና በዓመት ውስጥ ያሉ የቀኖች ቁጥር ናቸው እንጂ በዓመት የሚቈጠሩ ዙሮች አይደሉም።

የስሌቱን አሠራር በ2017 ዓ.ም. እንመልከት። 5,500 ዘመን ሲጨመርበት ዓመተ ዓለም 7,517 ይሆናል። ይህን ሊቃውንቱ መጀመሪያ በ532፣ ቀጥሎ በ76፣ ከዚያም በ19 ይገድፉታል። 7,517 በ532 ሲገደፍ 14 ጊዜ ደርሶ 69 ይተርፋል፤ 69 ለ76 አይበቃም፤ በ19 ሲገደፍ 3 ጊዜ ደርሶ 12 ይተርፋል። አንዱን ለዘመን ትተን ወንበሩ 11 ነው። 11 በ11 ተባዝቶ 121፣ በ30 ተገድፎ አበቅቴ 1 ነው። 11 በ19 ተባዝቶ 209፣ በ30 ተገድፎ መጥቅዕ 29 ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ዘወትር ተደምረው 30 የሚሆኑትም 11 እና 19 ተደምረው 30 ስለሆኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተማሪ ሊጠይቅ የሚገባው ነገር አለ። 7,517ን በቀጥታ በ19 ብንገድፈው 395 ጊዜ ደርሶ የሚተርፈው ያው 12 ነው። እንግዲያስ በሦስት ደረጃ መሄድ ለምን አስፈለገ? መልሱ 19 የ76 አካፋይ፣ 76ም የ532 አካፋይ መሆናቸው ነው። አንዱ በሌላው ውስጥ ስላለ ትልቁን መጣል የትንሹን ቀሪ አይነካም፤ ይልቁንም አንባቢው ዘመኑ በየትኛው ዐቢይ ቀመር፣ በየትኛው ማኅተም፣ በየትኛው ንኡስ ቀመር ውስጥ እንዳለ በአንድ ሥራ ያገኛል። ዑደቱ 500 ዓመት ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር፤ 19 የ500 አካፋይ አይደለምና በ500 መገደፍ ቀሪውን ያበላሸዋል።

ዙሩ እውነት መሆኑን በታሪክ መመርመር ይቻላል። በ2017 ዓ.ም. ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ። ከዚያ 532 ዓመት ወደ ኋላ ብንሄድ በዐፄ እስክንድር ዘመነ መንግሥት 1485 ዓ.ም. ላይ እንደርሳለን፤ በዚያም ዓመት ትንሣኤ የዋለው ሚያዝያ 12 ቀን ነው።

አንያኖስ የኤውክሊድን መጻሕፍት ከፊቱ ዘርግቶ ነበር ማለቴ አይደለም፤ መሪጌታውም «ብቸኛ ቁጥር» የሚለውን ቃል አልተናገሩም። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው፤ የ532 ሥራ በኤውክሊድ 7ኛ መጽሐፍ ከሚገኘው ትምህርት ጋር አንድ ሥራ ነው፤ ባሕረ ሐሳብንም የቃል ጥናት ብቻ ነው ብለን የምንንቅ ተማሪዎች ስሌቱን ከመመርመራችን በፊት የፈረድን ነን።

3. ከአል-ፋሪሲ እስከ ጋውስ

ከእስክንድርያ በኋላ ትምህርቱን ያስፋፉት በዐረብኛ የጻፉት ሊቃውንት ናቸው። በ1320 አካባቢ ያረፈው የፋርሱ ካማል አድ-ዲን አል-ፋሪሲ ማናቸውም ቁጥር ወደ ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ሊፈታ እንደሚችል በግልጽ አስረድቷል። ይህን የፈለገበት ምክንያት ስለ ወዳጅ ቁጥሮች ለማጥናት ነው። 220 እና 284 ወዳጆች ናቸው፤ የአንዱ አካፋዮች ከራሱ በቀር ሲደመሩ ሌላውን ይሰጣሉ። አካፋዮችን በሙሉ ሳያስቀሩ ለመቍጠር ደግሞ ቁጥሩን አስቀድሞ መፍታት ያስፈልጋል።

በፈረንሳይ ፌርማ የተባለው የሕግ ሰው በ1643 ገደማ 2,027,651,281 የተባለውን ቁጥር የፈታበት መንገድ ሊታወቅ የሚገባው ነው። ከ3 ጀምሮ እያንዳንዱን ብቸኛ ቁጥር ቢሞክር ኖሮ ሺሕ ጊዜ ባካፈለ ነበር። እሱ ግን ቁጥሩን የኹለት ካሬዎች ልዩነት አድርጎ ፈለገው። ከ45,030 ጀምሮ ቁጥሮቹን በራሳቸው እያባዛ፣ ከውጤቱም ላይ የተሰጠውን ቁጥር እየቀነሰ፣ ቀሪው ካሬ መሆን አለመሆኑን ተመለከተ። በ12ኛው ሙከራ፣ በ45,041 ላይ፣ ቀሪው 1,040,400 ሆነ፤ ይህም 1,020 በራሱ ሲባዛ የሚገኘው ነው። እንግዲህ አካፋዮቹ 45,041 ላይ 1,020 በመቀነስና በመጨመር 44,021 እና 46,061 ናቸው።

ያው ፌርማ ግን ተሳስቷልም። 2 በ32 ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 1 ሲጨመርበት የሚገኘው 4,294,967,297 ብቸኛ ነው ብሎ ያምን ነበር። ኦይለር በ1732 ይህ ቁጥር 641×6,700,417 መሆኑን አሳየ። ስለዚህ ታላቅ ሰው ስላመነበት ብቻ የቁጥር ነገር እውነት አይሆንም።

ጋውስ በ24 ዓመቱ፣ በ1801 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ማናቸውም ቁጥር ወደ ብቸኛ ቁጥሮች የሚፈታው በአንድ መንገድ ብቻ መሆኑን በሙሉ ማስረጃ አጸና። በዚያው መጽሐፍ ብቸኛውን ከሌላው መለየትና ሌላውን ወደ ብቸኛ አካፋዮቹ መፍታት በሒሳብ ውስጥ እጅግ ጠቃሚ ከሆኑት ጥያቄዎች አንዱ መሆኑን ተናግሯል። ፍቹ አንድ ብቻ መሆኑ ለኛ ግልጽ መስሎ ይታየናል፤ ነገር ግን እንዲያው የተገኘ አይደለም። በ1847 ፈረንሳዊው ላሜ ይህ ሕግ በሰፊው የቁጥር ዓለምም ይሠራል ብሎ በማሰቡ አንድ ትልቅ ማስረጃው ፈረሰበት፤ ጀርመናዊው ኩመር ሕጉ በዚያ እንደማይጸና አስቀድሞ አውቆ ነበር። በተራው ቁጥር ዘንድ ግን የጋውስ ማስረጃ የጸና ነው፤ ፈታኞች አንድ መልስ ብቻ ያለውን ጥያቄ ሊያወጡ የቻሉት በዚሁ ሕግ ላይ ቆመው ነው።

4. ጥያቄው ወደ ፈተና አዳራሽ ሲገባ

በአሜሪካ ለኮሌጅ መግቢያ የሚሰጠው የምርጫ ፈተና መጀመሪያ የቀረበው ሰኔ 23 ቀን 1926 ነው። አዘጋጁ ካርል ብሪገም ሲሆን፣ ተፈታኞቹ ከ8,000 በላይ ነበሩ። ለ315 ጥያቄዎች የተሰጠው ጊዜ 97 ደቂቃ ነበር፤ ይህም ለአንዱ ጥያቄ ከ19 ሰከንድ ያነሰ ነው። በ1938 የእርሳስ ምልክት አይቶ ውጤት የሚቈጥር መሣሪያ ለገበያ ቀረበ። በ1947 ደግሞ ፈተናዎችን ብቻ የሚያዘጋጅ ድርጅት ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ይህ ዐይነት ፈተና በብዙ አገር ተዛምቷል፤ በአገራችንም ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚሰጠው ፈተና በምርጫ የሚመለስ ነው።

ብቸኛ አካፋዮች በእነዚህ ፈተናዎች ዘንድ እጅግ የተወደዱ ናቸው። ጥያቄው አጭር ነው፤ መልሱ አንድ ነው፤ በጭፍን የሚሠራውንም ሰው የሚያጠምድ የተሳሳተ ምርጫ ለማዘጋጀት ይመቻል። ዐይነታቸውም ጥቂት ነው፤ በ532 ላይ አራቱን እናሳይ።

የመጀመሪያው፣ ስንት አካፋዮች አሉት የሚል ነው። 532 = 2×2×7×19 ስለ ሆነ፣ አንድ አካፋይ ሲሠራ ከ2ቹ ወይ ምንም፣ ወይ አንድ፣ ወይ ኹለት መውሰድ ይቻላል፤ ይህ 3 ምርጫ ነው። ከ7 መውሰድ ወይም መተው 2 ምርጫ፤ ከ19ም እንዲሁ 2 ነው። 3×2×2 = 12። ከላይ አንድ በአንድ የዘረዘርናቸው 12 አካፋዮች እነዚሁ ናቸው።

ኹለተኛው፣ ቁጥሩን ሙሉ ካሬ ለማድረግ በትንሹ በስንት እናባዛው የሚል ነው። በካሬ ውስጥ እያንዳንዱ ብቸኛ አካፋይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይገኛል። 2ቹ ጥንድ አላቸው፤ 7 እና 19 ግን የላቸውም። ስለዚህ በ7×19 = 133 እናባዛዋለን፤ 70,756 ይሆናል፤ ይህም 266 በራሱ ሲባዛ ነው።

ሦስተኛው፣ ከ1 እስከ ስንት ያሉት ቁጥሮች ቢባዙ ውጤቱ ለ532 ይካፈላል የሚል ነው። 4 እና 7 ቶሎ ይገኛሉ፤ 19 ግን ብቸኛ ስለ ሆነ 19 ራሱ እስኪደርስ ድረስ ከማንም ሊገኝ አይችልም። መልሱ 19 ነው። ብዙ ተማሪ ግን ብዜቱን ለማስላት ሲሞክር ጊዜው ያልቅበታል።

አራተኛው የ12 እና የ18 ዐይነት ነው፤ የጋራውን ኹለት ጊዜ የሚቈጥር ሰው የሚወድቅበት ነው። 28 እና 76ን ብንወስድ፣ ለኹለቱም የሚካፈል ቁጥር ለ532 የግድ ይካፈላል፤ ለ2,128 ግን የግድ አይካፈልም፤ 4ን ይጋራሉና።

ስለ ምርጫ ፈተና ፍርድ ስንሰጥ ጥቅሙን መሸሸግ ተገቢ አይደለም። ውጤት የሚቈጥረው መሣሪያ ተፈታኙ የማን ልጅ እንደ ሆነ አያውቅም፤ ከገጠር የመጣው ተማሪ ማስታወሻ የሚጽፍለት ዘመድ ባይኖረውም ትክክል ከመለሰ ነጥቡን ያገኛል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጕዳቱ ግን በዚያው ላይ ነው። መሣሪያው 36 መመረጡን ብቻ ያያል፤ ምክንያቱን አውቆ የመረጠውንና በግምት የመረጠውን አይለይም። መለየት የሚችለው አስተማሪው ብቻ ነው፤ አስተማሪውም ፊደሉን ጽፎ ካለፈ ማንም አልለየም ማለት ነው።

5. ከፈተና ውጭ ያለው ክብደቱ

ይህ ትምህርት የፈተና ጨዋታ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር የሚከተለውን ያስተውል። ኹለት ቁጥሮችን ማባዛት ቀላል ነው፤ ብዜቱን አይቶ ኹለቱን ማግኘት ግን ከባድ ነው። በ1903 አሜሪካዊው ኮል 2 በ67 ጊዜ ተባዝቶ 1 ሲቀነስበት የሚገኘው ቁጥር 193,707,721×761,838,257,287 መሆኑን አሳየ። ይህን ለማግኘት የሦስት ዓመት እሑዶችን እንደ ፈጀበት ይነገራል፤ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ግን የአንድ ሰዓት ማባዛት ይበቃል።

በ1977 ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን የተባሉት ሦስት ሊቃውንት በዚህ ልዩነት ላይ የምስጢር ጽሕፈት ዘዴ መሠረቱ። ብዜቱ ለሰው ኹሉ ይገለጣል፤ ኹለቱ ብቸኛ አካፋዮች ግን በባለቤቱ ዘንድ ይሰወራሉ። በዚያው ዓመት ለሙከራ ያቀረቡት ባለ129 አኀዝ ቁጥር የተፈታው ከ17 ዓመት በኋላ በ1994፣ በብዙ መቶ ሰዎችና ኮምፒውተሮች ኅብረት ነው። በ2020 ባለ250 አኀዝ ቁጥር ተፈቷል። ከዚያ እጅግ የሚረዝሙት ግን እስከ ዛሬ በመዝገብ ባሉት ኮምፒውተሮች አልተደፈሩም።

ለኛ ለተማሪዎች ከዚህ ኹሉ የሚበልጠው ምሳሌ የሕንዱ ነው። አንድ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን በርግጠኝነትና በአጭር ጊዜ የሚመረምር ዘዴ ለብዙ ዘመን ሲፈለግ ኖሮ፣ በ2002 በካንፑር የተገኘው በአስተማሪው በአግራዋልና በኹለት ተማሪዎቹ በካያልና በሳክሴና ነው። ኹለቱ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የተቀበሉት በዚያው ዓመት ነበር። እንግዲህ በኛ ዕድሜ ያሉ ልጆች በኤውክሊድ መንገድ ላይ አዲስ ነገር ሊጨምሩ ይችላሉ ማለት ነው፤ ይህ የሚሆነው ግን መልሱን ሳይሆን ምክንያቱን ሲማሩ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው፣ በፈተና ወረቀት ላይ በአንድ መስመር የሚቀርብልን ጥያቄ የ2,300 ዓመት ታሪክ አለው። በአገራችንም የገባው በዘመናዊ ትምህርት ቤት በኩል ብቻ አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያን ዕድሜ ጠገብ ስሌት ውስጥ ተቀምጦ በየዓመቱ ይሠራበታል።

ስለዚህ ለባልንጀሮቼና ለመምህሮቻችን ኹለት ነገር አመለክታለሁ። አንደኛው፣ ለፈተና በምናደርገው ዝግጅት ከእያንዳንዱ መልስ አጠገብ ምክንያቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር የመጻፍ ልማድ ቢኖረን፤ ኹለተኛው፣ ባሕረ ሐሳብ ለቋንቋና ለታሪክ ጥናት ብቻ ሳይተው በሒሳብ ክፍልም እንደ አንድ የጥናት ጽሑፍ ቢመረመር ነው። ሊቃውንቱ አጠገባችን አሉ፤ ጊዜው ሳያልፍ ጠጋ ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

እኔም ባለፈው ክረምት ወደ መሪጌታው ዘንድ ሄጄ የ12 እና የ18ን ጥያቄ አቀረብኩላቸው። ጥቂት አሰቡና 36 ነው አሉ። ለምን? ብዬ ብጠይቃቸው፣ 6ቱ የኹለቱም ነውና አንድ ጊዜ ይቈጠራል አሉኝ። በትምህርት ቤት ሳለሁ ልሰማው የሚገባኝ መልስ ይህ ነበር።